አሮጌ የናፍጣ መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ ሲቀይር ለምን ይመታል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደረደሩ ስለሆነ ካምቢዮውን ለማስፈታት ከመወሰን በፊት በቅደም ተከተል ማንበብ ይጠቅማል።

ካምቢዮዬ «ይመታል» ስል ምን ማለቴ ነው? ችግሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ምርመራ ከመነሻው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ዓይነት ማርሹ ሲገባ መኪናውን ወደፊት የሚገፈትር፣ የተሳፋሪውን ጀርባ ከወንበሩ ጋር የሚያጋጭ አቀያየር ነው። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ለምሳሌ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲሻገር የሞተሩ ድምፅ ለአፍታ ከፍ ብሎ ይጮህና ማርሹ ዘግይቶ ይይዛል። ሦስተኛው ከፓርክ ወደ ድራይቭ ወይም ወደ ሪቨርስ ሲገባ ብቻ የሚሰማ ምት ወይም መዘግየት ነው። ማርሽ ሳይቀየር፣ መኪናው በእኩል ፍጥነት ሲሄድ የሚመጣ መንቀጥቀጥም አለ፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

የሚገፈትር አቀያየር በአብዛኛው የካምቢዮው የዘይት ግፊት ከሚገባው በላይ ሲሆን፣ የሚንሸራተት ደግሞ ግፊቱ ሲያንስ ይመጣል። ስለዚህ ከየትኛው ማርሽ ወደየትኛው፣ በስንት ፍጥነት፣ ቀዝቅዞ ሳለ ወይስ ከሞቀ በኋላ፣ ነዳጅ በጥቂቱ ሲሰጥ ወይስ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ እንደሚከሰት በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ይህ ማስታወሻ ያለው ሰው ግማሹን ምርመራ ጨርሷል።

የካምቢዮ ዘይቱን መጠን በትክክል እንዴት እለካለሁ?

መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ። ዘይቱ በደንብ እንዲሞቅ ቀደም ብለው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ይንዱት፤ የሞተሩን ሙቀት መለኪያ ብቻ አይመኑ፤ ካምቢዮው ከሞተሩ ዘግይቶ ይሞቃል። ከዚያ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ) እየሠራ ፍሬን ረግጠው የማርሽ ዘንጉን በየቦታው ቀስ ብለው ያሳልፉትና ወደ ፓርክ ይመልሱት። ሞተሩን ሳያጠፉ መለኪያውን ያውጡ፣ ይጥረጉ፣ መልሰው ያስገቡና ያንብቡ። ብዙዎቹ የመርሴዲስም ሆነ የቶዮታ አሮጌ ካምቢዮዎች የሚለኩት በዚህ መንገድ ነው። በኒውትራል ወይም ሞተሩ ጠፍቶ እንዲለካ የሚያዙ አምራቾች ስላሉ ግን የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ግድ ነው።

መለኪያውን ክር በሚለቅ ጨርቅ አይጥረጉት። በካምቢዮው ውስጥ ያሉት የዘይት መተላለፊያዎች በጣም ጠባብ ናቸው፤ ትንሽ የጨርቅ ክር አንዱን ቫልቭ እንዳይንቀሳቀስ ልትይዘው ትችላለች። «ትንሽ ይብዛለት» ብሎ መጨመርም ጉዳት አለው። ዘይቱ ከልክ ሲያልፍ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ይመቱትና አረፋ ይሆናል። አየር የተቀላቀለበት ዘይት ግፊት አይይዝም፤ ምልክቱም ዘይት ካነሰበት ካምቢዮ ጋር ይመሳሰላል።

የዘይቱ ቀለምና ሽታ ምን ይናገራል?

ጤናማ ዘይት ቀይና አሳላፊ ነው። እየቆየ ሲሄድ ወደ ቡናማ ማድላቱ ብቻውን አያስደነግጥም። ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው ግን የፍሪሲዮን ሳህኖቹ (እርስ በርስ ተጨብጠው ማርሹን የሚይዙት) ተንሸራትተው ተቃጥለዋል ማለት ነው። ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ሮዝ ቀለም ካዩ መኪናውን ወዲያውኑ ያቁሙት። በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ስለሆነ፣ ያ ቱቦ ሲበሳ ውኃና ዘይት ይደባለቃሉ። ውኃ የፍሪሲዮኑን ሽፋን ከሳህኑ ላይ ያላቅቀዋል፤ እንዲህ ሆኖ መንዳት ሊተርፍ የሚችለውን ካምቢዮ ማጥፋት ነው።

የዘይት መያዣ ሳህኑ ሲወርድ ማግኔቱ ላይ የተጠራቀመ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ የተለመደ ነው። በጣት ሲዳሰስ የሚቆረቁር ብረት፣ ቢጫ የነሐስ ፍንካች ወይም የጥቁር ሽፋን ቅርፊት ግን የውስጥ አካል እያለቀ መሆኑን ያሳያል።

አሮጌ ካምቢዮ ዘይቱ ሲቀየር ይሞታል የሚባለው እውነት ነው?

ካምቢዮው የሚሞተው ዘይት ስለተቀየረለት አይደለም። ይህ እምነት የተስፋፋው ሰዎች ዘይት ለመቀየር የሚያስቡት ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ስለሆነ ነው። ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ አዲሱ ዘይት ይወቀሳል እንጂ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ካምቢዮው የሚመታ ግን የማይንሸራተት ከሆነ፣ ዘይቱም ያልተቃጠለ ከሆነ፣ ዘይቱንና ፊልትሮውን መቀየር ተገቢ ነው።

ሳህኑን አውርዶ ማፍሰስ ሁሉንም ዘይት አያወጣም፤ ብዙው የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ለካምቢዮው በሚያስተላልፈው በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። በርካታ አሮጌ መርሴዲሶች ኮንቨርተሩ ላይ የራሱ ማፍሰሻ ብሎን አላቸው፤ ሞተሩ በእጅ እየተዞረ ብሎኑ ወደ ታች እንዲመጣ ይደረጋል። ብሎን በሌለው መኪና ጥቂት ሳምንታት ነድቶ ድጋሚ ማፍሰስ ይሻላል። በግፊት የሚያጥበውን ማሽን ለብዙ ዘመን ዘይቱ ላልተቀየረ ካምቢዮ አልመክርም፤ የተቀመጠ ቆሻሻ አንሥቶ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። የዘይቱ ዓይነት አምራቹ ያዘዘው ይሁን፤ ለብዙዎቹ የዚያ ዘመን ካምቢዮዎች የታዘዘው የዴክስሮን ደረጃ ዘይት ነው።

የናፍጣ መኪና ካምቢዮ ከቤንዚኑ በምን ይለያል?

የውስጥ አካሉ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ካምቢዮው የሞተሩን ጭነት በሚያውቅበት መንገድ ላይ ነው። ካምቢዮው ማርሹን በምን ያህል ኃይል መጨበጥ እንዳለበት ለመወሰን ሞተሩ ምን ያህል ጉልበት እየሰጠ እንደሆነ ማወቅ አለበት። የቤንዚን ሞተር አየር መግቢያው ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ስላለው ከክዳኑ ወዲያ የሚፈጠረው ቫኪዩም (ከውጭው ያነሰ የአየር ግፊት) የጭነት ምልክት ይሆናል። አሮጌ የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ያለ ገደብ ይስባል፤ ጉልበቱ የሚወሰነው በሚረጨው ነዳጅ መጠን ነው። ስለዚህ የጭነቱ ወሬ ለካምቢዮው የሚደርሰው በሌላ መንገድ ነው፤ በተለየ የቫኪዩም ፓምፕና ቫልቭ፣ ከናፍጣው ፓምፕ በሚነሣ ኬብል ወይም በኤሌክትሪክ ሴንሰር።

የሚመታ አሮጌ የናፍጣ ካምቢዮ ሲያጋጥም መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ወሬ አቀባይ ነው። ወሬው ከተሳሳተ ጤናማው ካምቢዮ ያለ ጥፋቱ ይመታል፤ ያለ ጥፋቱም ይፈታል። ሁለተኛው ነገር በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ተፈትቶ በአዲስ ዕቃ የተገጠመው ካምቢዮ ያው የተሳሳተ ወሬ ሲደርሰው መልሶ ይመታል።

ካምቢዮዬ በቫኪዩም የሚሠራ ነው። ምኑን ልፈትሽ?

ይህ ጥያቄ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ የተሠሩ የመርሴዲስ ናፍጣ መኪኖችን ይመለከታል። በእነዚህ መኪኖች ሞተሩ የሚያንቀሳቅሰው የቫኪዩም ፓምፕ አለ። ከእርሱ ከሚወጣው መስመር የተወሰነው በአንድ ቫልቭ በኩል አልፎ ካምቢዮው ጎን ላይ ወዳለው፣ የዘይቱን ግፊት ወደሚወስነው ሞዱሌተር ይደርሳል። ነዳጅ መስጫው በቀስታ ሲረገጥ ቫልቩ ብዙ ቫኪዩም ያሳልፋል፤ ሞዱሌተሩም ግፊቱን ቀንሶ ማርሹ በለስላሳው ይገባል። አጥብቆ ሲረገጥ ቫኪዩሙ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ማርሹ ጠንከር ብሎ ይይዛል። እንግዲህ መስመሩ አንድ ቦታ ቢያፈስ ካምቢዮው አሽከርካሪው ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው እንደረገጠ ይቆጥራል። በዝግታ ሲነዱ በኃይል የሚመታ፣ በኃይል ሲረግጡት ግን ደህና የሚሆን ካምቢዮ የዚህ ችግር ዓይነተኛ ምልክት ነው።

ኮፈን ሳይከፈት የሚታዩ ፍንጮች አሉ። በእነዚህ መኪኖች ሞተሩን የሚያጠፋውም፣ የበር ቁልፎቹን የሚያንቀሳቅሰውም፣ ፍሬኑን የሚያግዘውም ያው ቫኪዩም ነው። ቁልፉ ተዘግቶ ሞተሩ መሥራቱን ከቀጠለ፣ ወይም በሮቹ በአንድነት መቆለፍ ከተሳናቸው፣ የካምቢዮው መምታትም ከዚያው ምንጭ ሳይሆን አይቀርም። የፍሬን ፔዳሉ ከደነደነ ጉዳዩ የካምቢዮ ብቻ አይደለም፤ ሳይጠገን መንዳት አደገኛ ነው።

ከዚያ የግፊት መለኪያ ሰዓት ያለው የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልጋል። ወደ ሞዱሌተሩ የሚሄደውን ቱቦ ነቅለው ፓምፑን በቀጥታ ሞዱሌተሩ ላይ ይግጠሙና 0.5 ባር ያህል ይሳቡ። መርፌው ቆሞ መቅረት አለበት፤ ከወረደ የውስጡ ሽፋን ተቀዷል። በተነቀለው ቱቦ ውስጥ ቀይ ዘይት ከተገኘ ማረጋገጫው ያ ነው። በተቀደደው ሽፋን በኩል የካምቢዮ ዘይት ወደ ቫኪዩም መስመሩ ይሳባል፤ ዘይቱ ምንም ፍሳሽ ሳይታይ የሚቀንሰውም አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ሞዱሌተሩ ደህና ከሆነ ወደ ሞተሩ እየተጠጉ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እየደፈኑ ይለኩ። አንዱ ሲደፈን ንባቡ ከተመለሰ ፍሳሹ በእርሱ በኩል ነው፤ ብዙ ጊዜ የበር ቁልፎቹ መስመር ነው። የደረቁ የጎማ መገጣጠሚያዎችን ደግሞ ሳይለኩም መቀየር ያዋጣል፤ ርካሽና ቀላል ናቸው። በመስመሩ ላይ ያሉት ባለ ቀለም ትንንሽ የፕላስቲክ ዕቃዎች ግን ውስጣቸው በልክ የተበሳ ቀዳዳ ስላላቸው ቦታቸውን አያቀያይሩ። ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቦታ የፓምፑ ንባብ በተፈጥሮው ዝቅ እንደሚልም ያስታውሱ፤ ለዚያ ብሎ ጤነኛ ፓምፕ መቀየር አይገባም።

ኬብል ያለው ካምቢዮስ እንዴት ይስተካከላል?

በብዙ አሮጌ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ከናፍጣው ፓምፕ ማንሻ ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ኬብል አለ። ሌላ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይርገጥ፤ እርስዎ በኮፈኑ ሥር በኬብሉ ላይ የተጨመቀችው ማቆሚያ ከጎማ ሽፋኑ ጫፍ ምን ያህል እንደራቀች ይመልከቱ። የተለመደው ልክ ከ0 እስከ 1 ሚሊሜትር ነው። ከመለካትዎ በፊት ግን ፔዳሉ ሲረገጥ የናፍጣ ፓምፑ ማንሻ በእርግጥ መጨረሻው መድረሱን ያረጋግጡ፤ ምንጣፍ ወይም የረገበ የፔዳል ገመድ ልኬቱን ያዛባል።

ኬብሉ ከልክ በላይ ሲወጠር ማርሹ ዘግይቶና በኃይል ይቀየራል። ሲላላ ደግሞ ቶሎና በለስላሳው ይቀየራል፤ ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ምቱን ለማጥፋት ኬብሉን የሚያላላ ሰው መኪናው ለጥቂት ጊዜ እንደ ቅቤ ይሄድለታል፤ ውስጥ ግን ግፊቱ ስላነሰ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ኬብሉ መስተካከል ያለበት ለአምራቹ ልክ እንጂ ለምቾት አይደለም።

ወደ ድራይቭ ወይም ሪቨርስ ሳስገባ ብቻ «ዷ» ይላል፤ ሌላ ጊዜ ደህና ነው። ምንድን ነው?

መጀመሪያ ሚኒሞውን ይመልከቱ። ከተወሰነለት በላይ የሚዞር ሞተር ማርሽ ሲገባ ያስመታል። ቀጥሎ የሞተሩንና የካምቢዮውን መቀመጫ ጎማዎች ይፈትሹ። የናፍጣ ሞተር ከባድና ንዝረቱም ብርቱ ስለሆነ እነዚህን ጎማዎች በፍጥነት ይጨርሳል። ጎማው ሲሞት ሞተሩ ተነሥቶ ይወድቃል፤ ምቱም ከካምቢዮው የመጣ ይመስላል። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሁለተኛ ሰው ፍሬን በደንብ ረግጦ ከሪቨርስ ወደ ድራይቭ ሲያመላልስ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚዘል ከጎን ቆሞ ማየት ይቻላል፤ ከመኪናው ፊት ግን ማንም አይቁም።

የኋላ ጎማን የሚነዳ መኪና ከሆነ ጉልበት የሚያስተላልፈው ዘንግ መገጣጠሚያዎች፣ የመሐል ኩሽኔታውና የዲፈረንሻሉ መቀመጫም በዚያው ይታዩ። ሪቨርስ ከመያዙ በፊት ረጅም መዘግየት ካለ ግን የዘይት ማነስ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የደረቁ የውስጥ የጎማ ማኅተሞች ይጠረጠራሉ።

የሞተር ድክመት ካምቢዮውን ሊያስመታ ይችላል?

አዎ፤ ይህ በብዛት የሚዘነጋ ምክንያት ነው። ካምቢዮው የሚያውቀው ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ ነው፤ ሞተሩ በእርግጥ ያን ያህል ጉልበት መስጠቱን አያይም። የናፍጣ ፊልትሮ ከተደፈነ፣ የቱርቦው ቱቦ ካፈሰሰ፣ የመርጫው ጊዜ ከተዛባ ወይም የቫልቭ ክፍተት ካልተስተካከለ አሽከርካሪው ያው ፍጥነት ለማግኘት አብዝቶ ይረግጣል። ካምቢዮው ለብርቱ ሞተር የሚሆን ግፊት ያዘጋጃል፤ የሚመጣው ጉልበት ግን አነስተኛ ነው። ውጤቱ ዘግይቶ የሚቀየርና የሚመታ ማርሽ ነው።

መኪናው ዳገት ላይ ከበፊቱ ከደከመ ወይም ጥቁር ጭስ ካበዛ መጀመሪያ ሞተሩ ይታከም። በደካማ ሞተር ላይ የተስተካከለ ካምቢዮ ሞተሩ ሲጠገን እንደገና ይዛባል።

ሲቀዘቅዝ ብቻ ወይም ሲሞቅ ብቻ ቢሆንስ?

ጠዋት ላይ ብቻ የሚመታና ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ የሚለሰልስ ካምቢዮ ወፍራም ዘይት ወይም የደነደኑ ማኅተሞች አሉበት፤ ሙቀት ሲያገኙ ይለሰልሳሉ። ለጊዜው ችኮላ አያስፈልገውም። ቀዝቅዞ ደህና የሆነውና ሲሞቅ የሚንሸራተተው ግን ይከፋል። ዘይቱ ሲቀጥን ያለቀው ፓምፕ ወይም የሚያፈሰው ማኅተም ግፊት መያዝ ያቅተዋል።

የኦቨርድራይቭ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ከመምታቱ ጋር ይገናኛል?

በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች ብልሽት ሲያገኙ «ኦ/ዲ ኦፍ» (ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም ከፍተኛው ማርሽ፣ ጠፍቷል) የሚለውን መብራት ያርገበግባሉ። በብዙዎቹ የኮፈን ሥር መመርመሪያ ሳጥን ውስጥ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉት ጫፎች በሽቦ ሲገናኙ መብራቱ ኮዱን በብልጭታ ይቆጥራል። 42 እና 61 የፍጥነት ሴንሰሮችን፣ 62 እና 63 ማርሽ የሚቀይሩትን ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ የዘይት ቫልቮች)፣ 64 ደግሞ የኮንቨርተሩን መቆለፊያ ሶሌኖይድ ይጠቁማሉ። ሽቦው የተሳሳተ ጫፍ ላይ ከገባ ዕቃ ሊያቃጥል ስለሚችል የሳጥኑ ክዳን ላይ ያለውን ሥዕል ሳያረጋግጡ አይሞክሩ።

ኮድ መገኘቱ ሶሌኖይዱ ራሱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የተበላ ሽቦ ወይም የዛገ መሰኪያም ያንኑ ኮድ ይሰጣል። በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ የፔዳሉን መጠን የሚነግረው ሴንሰር በናፍጣ ፓምፑ ላይ ሲለቅ ኮድ ሳያስመዘግብ አቀያየሩን ሊያዛባ ይችላል።

በእኩል ፍጥነት ስነዳ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ ማርሽ እየቀየረ ግን አይደለም።

ኮንቨርተሩ እንዳይንሸራተት ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ የሚያያይዘው የኮንቨርተሩ መቆለፊያ ሊሆን ይችላል። ለመለየት መንቀጥቀጡ እያለ በግራ እግር ፍሬኑን መብራቱ እስኪበራ ብቻ ነካ ያድርጉ፤ በብዙ መኪኖች ይህ መቆለፊያውን ይፈታል። ወዲያው ከጠፋ ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ ዘይት መቀየር አንዳንዴ ይፈታዋል። ካልጠፋ ወደ ጎማ፣ ወደ ዘንጉ መገጣጠሚያና ወደ ሞተሩ የነዳጅ አረጫጨት ይሂዱ።

የስቶል ሙከራ ራሴ ልሥራ?

ሙከራው ፍሬን ተረግጦ፣ ማርሹ ድራይቭ ላይ ሆኖ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲሰጥ ሞተሩ ስንት ዙር ላይ እንደሚቆም ማየት ነው። ዙሩ ከተወሰነው በላይ ካለፈ ካምቢዮው ውስጥ መንሸራተት አለ፤ በጣም ካነሰ ሞተሩ ደክሟል ወይም በኮንቨርተሩ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረው ፍሪሲዮን ተበላሽቷል። ይህ ጥሩ መለያ ነው፤ ምክንያቱም የሞተርንና የካምቢዮን ጥፋት በአንድ ጊዜ ይለያል።

ሆኖም ከ5 ሰከንድ በላይ ከቆየ የኮንቨርተሩ ዘይት በፍጥነት ይግላል፤ ፍሬኑ ቢያመልጥ ደግሞ መኪናው ይወነጨፋል። ጎማዎቹ በደንብ ሳይታገዱ፣ የመኪናው ትክክለኛ ልክ ሳይታወቅና ልምድ ያለው ሰው ሳይኖር አይሞከር።

ታዲያ ካምቢዮው መፈታት ያለበት መቼ ነው?

ዘይቱ ተቃጥሎ ሳህኑ ላይ የፍሪሲዮን ቅርፊት ሲገኝ፣ ወይም አንድ ማርሽ ፈጽሞ ሲጠፋ መፍታቱ አይቀርም። ሞተሩ በማርሾች መካከል እየጮኸ ከሆነም መንዳቱ ይቁም፤ እያንዳንዱ ጩኸት የሚነድ ፍሪሲዮን ነው። የመምታት ችግር ብቻ ከሆነ ግን ከመፍታት በፊት የግፊት መለኪያ በካምቢዮው መለኪያ ቀዳዳ ላይ ተገጥሞ ንባቡ በጽሑፍ ይያዝ። መካኒኩ ካምቢዮው እንዲፈታ ሲጠይቅ የቫኪዩሙን ወይም የኬብሉን ልክ፣ የግፊቱን ንባብና የዘይቱን ሁኔታ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ሦስቱንም ለክቶ የሚያሳይ መካኒክ ካገኙ ሥራውን ይስጡት። ሳይለካ «ይፈታ» የሚል ከሆነ ሌላ መካኒክ ያማክሩ።